የአሥራ ሰባት ቁልፍ

ጉሙ ከጣርማ በር ተንከባሎ ወርዶ
ደብረ ሲናን ውጧት፣ ጣሪያችንን ጋርዶ፣
አባቴ በረንዳ ላይ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
በርጩማ ላይ ተቀምጧል እጆቹን ሰብስቦ።

«መጀመሪያ ይሙቅ፤
ቀዝቃዛ ዘይት እንደ ቀዝቃዛ ሰው ነው፣
የያዘውን አይለቅ።»

ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ሆንዳው ያስነጥሰዋል እንደ ትልቋ አክስቴ፤
በአራተኛው ይነሣል፣ ጥቂት አጉረምርሞ፤
ማርሚታው ጉሙ ላይ ሌላ ጉም ይጨምራል ደግሞ።

በአሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ይበልጣል ሞተሩ፤
ቀይ ነበር ይላሉ፣ ሳይፋቅ በየዱሩ።
የቴሌ ነበር፤ የንብረት ቁጥሩ እስካሁን ድረስ
ሰርባቶዮው ላይ አለ፣ በነጭ ቀለም፣ ሳይደመሰስ።
ጡረታ በወጣ በሳምንቱ በጨረታ ገዛው፤
ለላም የተቀመጠ ብር ነበር ከሣጥን የመዘዘው።
እናቴ እስከ ፍልሰታ አላናገረችውም፤
ከፍልሰታ በኋላም «ያቺ ላምህ» እንጂ
«ሞተርህ» አላለችውም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ኮርቻ ላይ
የሽቦ ጥቅል አንግቶ፣ ዝናብ ሳይል ፀሐይ፣
ከአርማኒያ ቆላ እስከ መዘዞ ዳገት
የተበጠሰ መስመር ሲቀጥል ኖረበት።
አንድ ቀን፣ ግንድ ላይ ወጥቶ መስመሩን ሲሞክር፣
«ሃሎ... አለህ ወይ? ሃሎ...» ስትል ሰማ፣
አንዲት ሴት፣ በጭንቅ ስትናገር።
መመለስ ክልክል ነው። ሽቦውን አጥብቆ ወረደ።
ይህን የነገረኝ አንዴ ነው፣ ጠጥቶ፤
በማግሥቱ ካደ።

ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፌ ከሥሩ እጋደማለሁ፤
በዳበሳ፣ በጣቴ፣ ቡሎኑን እፈልጋለሁ።
እምቢ ይላል ቡሎኑ።
«ወዴት ነው የምታዞሪው?» ይላል ከበላዬ።
ወዴት እንደማዞር እያወቅሁ፣ በልጅነት ጠባዬ
«ወዴት ነው?» እላለሁ፣
ደስ ይበለው ብዬ።

ከዚያ ይለቃል፤ ድንገት፤ ክንዴን እየፈጀ
ቢጫው ሳፋ ውስጥ ይወርዳል ያረጀው፣ የፈጀ፤
መጀመሪያ እንደ ገመድ፣ ቀጥሎ እንደ ክር፣
በመጨረሻ ጠብ... ጠብ... እንደ ንፉግ ሰው ብር።

እጁ እየተንቀጠቀጠ ጣቱን ይነክራል፤
በአውራ ጣቱ እያሸ ወደ ብርሃን ያዞራል።
«ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ነው የወጣሽው» ይላል።
እክዳለሁ።
ዘይቱ ግን መስክሯል።

ከዚያ ዝም አለ።
ጣቱ ላይ፣ በጥቁሩ መሐል፣ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ፤
ደቃቅ፣ እንደ ዱቄት፤
ሞተር ውስጥ ውስጡን ራሱን ሲፈጭ የሚወጣ ብረት።
ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።
«ደህና ነው» አለ። «አዲሱን ለኪና አሳዪኝ።»

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደርሶ የመጣ ለት
ፖስታውን ኪሱ ከትቶ፣ ደጅ እንደ ቆመበት
«ደህና ነው» ነበር ያለኝ።
አሁንም እንደዚያን ጊዜው «እሺ» አልኩት።

የመዳቡን ሮንዴላ በእሳት አግዬ መለስሁት፣
ቡሎኑን አሰርሁት።
አዲሱ ዘይት ሲወርድ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፤
አቀበት አላየ፣ ጭነት አያውቅ፤
ገና ምን አግኝቶ ሊያጠቁረው።

የተቃጠለውን ዘይት አንደፋም እኛ፤
በራችን ላይ የቆመ ሽቦ አልባ ዘበኛ፣
የስልክ ግንድ አለ፣ እሱ ራሱ የተከለው፣
ሽቦውን ቆርጠው ሲወስዱ ማንም ያልነቀለው፤
እግሩን ይቀባዋል፣ ምስጥ እንዳይበላው።
ዘንድሮ ጎንበስ ማለት አቃተው፤ እኔ ቀባሁ፤
«እዚያ ጋ፣ ከሥሩ» እያለ በከዘራው፣ «እዚያ ጋ» ሲለኝ ሰማሁ፣
ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ቀና ስል ጆሮውን ግንዱ ላይ አስደግፎ አየሁት።
«ምን ይሰማል?» አልኩት።
«ነፋስ» አለ፤ ግን አልተነሣም።
ጆሮው ጫፍ ላይ የገዛ ጣቱ ጥቁር አሻራ ቀርቷል፤
አልነገርኩትም።
ፔዳሉን ረገጥሁ።
በአንዴ ተነሣ።