ሙሄ ወደብ

በልጉ ሲያካፋ አድሮ፣ ሚያዝያ ሊነጋ፣
አባቴ ይነሣል ከጠፍሩ አልጋ።
ትል ባሮጌ ቆርቆሮ፣ የናይለን ጥቅል፣
ከጫፉ ላይ እርሳስ ባቄላ የሚያህል፣
ከእርሳሱም በታች ያ ትልቁ መንጠቆ፣
የባሕሩ መንጠቆ፣
በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በአሸዋ ተፈቅፍቆ።

የማሽላ ዘር የያዘ ሰው በሬውን እየነዳ
ሰላምታ ይጥልልናል በረጠበው ሜዳ።
አስፋልቱ ጋ ስንደርስ፣
የባጃጅ ልጆቹ፣ «ሙሄ ወደብ መጣ!
መርከብ ስንት ገባ? ስንት መርከብ ወጣ?»
ይሉታል በየማለዳው፤
እሱ ግን አይከፋው፣
«ሁለት ናቸው ዛሬ፣ አንዱ ስንዴ ጭኗል» ይላል በደረቁ፣
ያልፋል ወደ ሐይቁ።

ግንብ አለ ከዳር፣ ማን እንደ ጀመረው ማንም የማያውቀው፣
ለጀልባ ታስቦ፣ በጀት አልቆበት፣ ግማሹን ደንገል የዋጠው።
እዚያ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ እግሩን ቁልቁል ሰዶ፣
አስቀድሞ ውሃ ይቀምሳል፣ እንዲያው ከጥንት ለምዶ።
«ዛሬም ጨው የለውም።»
ዕዳውን ቀጥሮ ቀጥሮ ሳይከፍል እንደ ቀረ ሰው
ሐይቁን በጎን ያየው።
«ባሕር ይሄድ ይመጣል፤ ይኼማ ተኝቶ
ፀሐይ ይሞቃል እንጂ፣ እንደ ጡረታ ሰው፣ እግሩን ዘርግቶ።»
(እሱ ራሱ ጡረታ ቢያገኝ ደግ ነበር፤ ፋይሉ ወደቡ ጋ ቀርቷል።)

እኔ አሰብን ስተወው
ሰባት ዓመቴ ነው፤
የማስታውሰው ጥቂት፦ የብረቱ ግለት፣ የክሬኑ ጥላ፣
ጠዋት ጠዋት ደግሞ ነፋሱ፣ አሸዋ የሚያበላ።
ክሬን ነጂ ነበር። ከሥራ በፊት ግን በሌሊት ተነሥቶ
ከወደቡ ግንብ ላይ ይጠብቅ ነበረ ትንፋሹን አጥፍቶ።
ክንዴን የሚያህለው ሲወጣ ከጥልቁ፣
ጅራቱ ግንቡን ሲመታ፣ ወዛደሮች ሲስቁ፣
ይኼን በዓይኔ አየሁት? ወይስ ሲያወራ ሰምቼው?
በርግጥ የማውቀው መንጠቆውን ነው።

ባንድ ሻንጣ ወጣን፤ ቡሬን፣ ማንዳን፣ ሚሌን፣
ባቲን አልፈን መጣን ጉም እስኪቀበለን፤
እናቴ ድስት ያዘች፣ እኔ የወንድሜን ደብተር፣
እሱ በሸሚዙ ኪስ መንጠቆውን፣ በጥጥ ጠቅልሎት ነበር።

ለሐይቅ ግን ትልቅ ነው። የዚህ ቆሮሶ አፉ ጠባብ፣
ትሉን ከዳር ከዳር ለቅሞ ይሄዳል ባደብ።
ሃያ ስንት በልግ ዓሣ ቀለበ እንጂ ዓሣ አላጠመደም፤
መንጠቆ ይቀየር ያለውን ሁሉ አልወደደም።

ዛሬም ተቀመጥን።
ገዳሙ ከማዶ ዛፎቹን ከጉም ውስጥ አንድ ባንድ ሲያወጣ፣
አንዲት የደንገል ታንኳ ድምፅ ሳታሰማ መጣች።
ከጎናችን ሰዓዳ፣ የዓሣ ሻጯ ልጅ፣
መርፌ በሻማ አሙቃ ያጠፈችው በእጅ፣
ሦስት ቆሮሶ አወጣች። አራት።
አምስተኛው አመለጣትና ሣቀች።
እሱ አየ። ዝም አለ።
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣
«ትርፍ መርፌ አለሽ?» አለ።

ትልቁን ሲፈታ ጣቱ እምቢ አለው፤ ቋጠሮው ጠንክሯል፣
የሃያ ዓመት ቋጠሮ ጥርስ ያሻዋል።
በቀሩት ጥርሶቹ ነከሰው። ተፈታ።
ወደ ኪሱ ሊከት ሲል፣ አየኝ፣
እጄ ላይ አኖረው ላንድ አፍታ።
ቀዝቃዛ ነው። ከሚመስለው ይከብዳል።
ምንም አላልኩትም፤ ምን ይባላል?

መርፌዋ ወረደች። ሁለቴ ነካ ነካ፣ በሦስተኛው ዋጣት።
መዳፍ የማይሞላ፣ ሆዱ የሚያብረቀርቅ፣
ጅራቱን እያማታ ካየር ጋር የሚጨቃጨቅ።
አባቴ አየው፣ አየው።
«ይኼም ዓሣ ሆኖ?» ይላል ብዬ ስጠብቅ፣
«ደህና ነው» ብሎ ባልዲው ውስጥ ጣለው።

ስንመለስ ልጆቹ፣ «ሙሄ ወደብ! ስንት መርከብ ገባች?»
ባልዲውን ከፍ አድርጎ፣
«አንዲት። ትንሽ ናት። ግን ቆመች።»

ምሳ ላይ ጠበስኩለት። ቆረሰና ቀመሰ፣
ጥቂት አኝኮ ቆመ፤ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ፣
ትልቁ መንጠቆ ከምስማሩ ላይ፣ ያጥሩን ቁልፍ ይዞ፣ ተንጠልጥሏል፤
«ጨው አቀብዪኝ» ይላል።