አንዲት አኃዝ

ጥር ነው በኦውሉ፤ ቀኑ ሳይነጋ ይመሻል፣
የሰርቨሩ ክፍል ትንፋሽ የሰይያን ካፖርት በቀስታ ያደርቃል።
ዘጠኝ ሺህ ጥቅል ተሰልፎ ይጠብቃል ከኮምፓይለሩ ደጅ፣
አንዲት አኃዝ ናት የቀረችው፤ ሌላው ሁሉ አልቋል እንጂ።

«ማመቻቻውን ሦስት በይው» ይላል ዬሬ፣ ሠንጠረዡን እየዘረጋ፤
«አራት በመቶ ይፈጥናል፤ ስለ ምን እንስጋ?»

መልስ አልሰጠችውም። ያን መኸር አስታወሰች፤
በኬሚያርቪ ቤተ መጻሕፍት አሮጌዋ ማሽን ደጋግማ የወደቀች።
ጸሐፊው ጠይቆ ነበር፣ «ይህ ባዶ ቢሆንስ?» ብሎ በአንድ መስመር፤
ኮምፓይለሩ «ባዶማ አይሆንም» አለና፣ ለፍጥነት ሲል፣ ለማሳጠር፣
ጥያቄዋን ነቅሎ ጣላት።
አላጠፋም፤ ሕጉ ፈቅዶለት ነበር።

ሦስት ሌሊት ፈለገቻት፤ ምንጩ ላይ ቁልጭ ብላ አለች፣
ከተገነባው ውስጥ ግን የለች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤
ለቃሚው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ያፈሰሰው ቀድሞ ሄዷል።

«ሁለት» ብላ ጻፈች፤ ዬሬ ትከሻውን ሰበቀ፤
ለቪዲዮ መፍቻው ብቻ ሦስት ስትፈቅድለት ሳቀ።
ማራገቢያዎቹ አጓሩ፤ አንደኛው ጥቅል ገባ።
ሰይያ ሄደች ወደ ፌርማታው፣ ያልደረቀ ካፖርቷን ደርባ።