ካቻቢቴ

ኅዳር ነበር። ደብረ ብርሃን ውርጩ ጣት ይነክሳል፣
ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውኃ አርፍዶ ይነሣል።
አዳራሹ ሞልቷል፤ «የባለሙያ ቀን» ይላል ጨርቁ፣
ከአዲስ አበባ የመጡት ተቃቅፈው ሲሳሳቁ።
ኮቱ የሐብቴ ነው፣ የዶርም ጓደኛዬ፣
እጅጌው አጥሮኛል፤ ይበርደዋል አንጓዬ።
የአምስት ዓመት ትምህርት ባንድ ገጽ ጠቅልዬ፣
እንደ ሎተሪ አዟሪ ደረቴ ላይ ሰቅዬ፣
ፈገግታም ተውሼ፣ በየጠረጴዛው ዞርኩ።
«በኢሜይል ላክልን» አሉኝ፤ እሺ አልኩ።
«እንጠራሃለን» አሉኝ፤ እሺ አልኩ።
አንዱ ስሜን ጠይቆ፣ ሳልመልስ ስልኩ ጠራ፣
ወረቀቴ ላይ ሻዩን አስቀምጦ አወራ።

ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ አለች፣ ሰው ያልቀረባት፣
ባነር የሌላት፣ ከረሜላ የሌለባት።
ከኋላዋ ሸዋረገድ፤ ሹራብ በቱታ ላይ፣
ጥፍሯ ሥር ግራሶ፣ ሳሙና ያልረታው፣ የሚታይ።
የብቅል ፋብሪካው የጥገና ኃላፊ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽን ጋር ታራቂ፣ አኩራፊ።

«ምን ትሰማለህ?» አለችኝ፤ ስሜን ሳትጠይቀኝ።
ማይክሮፎን፣ ጭብጨባ፣ ሳቅ... ዙሪያው አስጨነቀኝ።
«ከሱ ሥር» አለች፤ «ከጫጫታው ሥር ስማ።»
መብራት ሄዶ ነበር። ከግንቡ ማዶ
ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል፣ ጎረቤቱን እንደሚያማ።
«ቤሪንጉ ይሆናል» አልኩ፤ ቀመሩን ልደረድር፣
የኳሱን ብዛት ባንድ ዙር ላካፍል፣ ልደምር።
«ኩሽኔታ በለው» አለች፤ «በስሙ ካልጠራኸው
አይመጣም።» ወረቀቴን ተቀብላ አጠፈችው፣
አራት እጥፍ አድርጋ፣ ከሚወዛወዘው
የጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጠችው።
«ሰኞ። አንድ ሰዓት። በር ላይ ስሜን ጥራ።»

ሰኞ፣ ሣሩ ጫፍ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሶ፣
ባለባጃጁ መስታወቱን በሙቅ ውኃ አርሶ፣
ደረስኩ። ግቢው ሁሉ የበቀለ ገብስ ይሸታል፣
ትልቁ ከበሮ ይዞራል፤ ወለሉም አብሮ ይመታል።
ከደረት ኪሷ አወጣች አንዲት ካቻቢቴ፤
«ጫፉ እዚያ፣ እጀታው ከጆሮህ ሥር። ዝም በል በሞቴ።»

መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ የራሴን ደም።
ቀጥሎ፣ ከብረቱ ሆድ፣
ቆሎ የሚቆረጥም ሰው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ብቻውን፣ በልማድ።

«ስንት ቀን ቀረው?» አለች። መጽሐፉን አስታወስኩ፣
በሰዓት፣ በጭነት፣ በወረቀት ቆጠርኩ።
«እስከ ጥምቀት» አለች።
በከተራ ተሰበረ። ያቺ አንድ ቀን እስከ ዛሬ ታንገበግባታለች።

እኔም ባዶ እጄን አልነበርኩም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነበረ፣
መመሪያውን ያነበበ ጠፍቶ ሁለት ዓመት የታሰረ፤
ንዝረት ቆጣሪ ሳጥን። ሽቦውን ዘረጋሁ፣ ኮዱን ጻፍኩ፣
ሦስት ሌሊት አመሸሁ፣ ሁለቴ ፊውዝ አቃጠልኩ።
በመጨረሻ ማዕበሉ ስክሪኑ ላይ ሲሣል
ጠጋ ብላ አየችው፤ ጣቷ መስታወቱን ይዳስሳል።
«ይሄ ነው?» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማሁት
ይሄን ይመስል ኖሯል?»
ከዚያ ሻይ አዘዘችልን፤ ሌላ ነገር አላወራንም።

ቅጥር ዝግ ነበር፤ ቦታ የለም። አልዋሸችኝም።
ግን ስልኳን አነሣች፤ ሸዋ ሮቢት፣ ቱቦ ፋብሪካ፣
አንድ የድሮ ተለማማጇ ዘንድ።
«ልጁ ይሰማል» አለች። ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረችም።
ሃያው ቅጂ ተደምሮ ያን ያህል አልተናገረም።

አሁን ቆላ ነኝ፤ ሸሚዜ በላብ ይጣበቃል፤
ሐብቴ ኮቱን አልጠየቀኝም፤ የት እንዳለሁ ያውቃል።
እሷ ጡረታ ወጣች። አንዳንድ ማታ ትደውላለች፤
ደመወዝ፣ ትዳር አትጠይቅም። «አሰማኝ» ትላለች።
ስልኩን ከሞተሩ ጎን አስደግፌ እቆማለሁ፤
ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ፣ ከጉሙ በላይ፣
ዓይኗን ስትጨፍን አያለሁ።
ዝም። ደግሞ ዝም።
«ሁለተኛው ያስላል» ትላለች፤ «የግራው።»
«ትናንት ነው እኮ የቀየርኩት!» እላለሁ።
«ያስላል።»
ካቻቢቴዬን አንሥቼ እሄዳለሁ።