ጉዳዩ፦ ባሌን ይመለከታል

ጻፍልኝ ጋሽ ጦይብ፣ ወረቀትህን ዘርጋ፣
ሐረጎን ወጥቼ መጣሁ ሳይነጋ።
ደሴ ብርዱ ክፉ፣ ከንፈሬ ደንዝዟል፣
ቃሉ ግን ሆዴ ውስጥ ሌሊት ተደርድሯል።

ከላይ በቀኝ ቀኑን፣ ከሥሩ አድራሻዬን፣
ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፤ ከዚያ አቤቱታዬን።
"ጉዳዩ፦ ዜግነት" በልና አስምርበት፣
"ባል አለኝ" በልና አራት ነጥብ አርግበት።
"ማመልከቻ እንዲህ አይጀመርም" አልከኝ፤
ተወው፣ ለዛሬ እንኳ በኔ አፍ ሂድልኝ።

ሮፊቁል ነው ስሙ፤ "ረፊቅ" ይለዋል ሰፈሩ፣
"ህንዱ" የሚሉም አሉ፣ ሳይገባቸው የት እንደሁ ሀገሩ።
ባንግላዴሽ ነው፤ ወንዝ የሚበዛበት።
ቤይሩት ነው ያገኘሁት፣ ሁለታችንም በሰው ቤት፤
እኔ አምስተኛ ፎቅ፣ እሱ ምድር ቤት፣
ሊፍት የቆመ ቀን ነው የተዋወቅንበት።
አረብኛ ሰባብረን፣ በእጅ እየተረጎምን፣
ሁለት የሰው ቤት ሰዎች አንድ ቤት አለምን።

"ጎብኚ" ይላል ማኅተሙ፤ ሳቅ እስቲ፣ ሳቅ በል፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲጎበኝ ይሏል?
ዲናሞ ይጠቀልላል፤ የወፍጮ ቤት ሞተር
ከቃሉ እስከ ሐርቡ በሱ እጅ ነው የሚዞር።
ንግድ ፈቃዱ ግን ወጥቷል በኔ ስም፣
እኔ የሞተር ሆድ ዕቃ አላውቅም፣ በፍጹም!

ልጃችን ነስራ አለች፣ አምስት ዓመቷ ነው፣
ዜግነቷን ከኔ፣ ከደሜ ያገኘችው።
እሷ ባለሀገር፣ አባቷ እንግዳ፤
ድንበር ያልፋል በልልኝ በኛ አልጋ፣ በኛ ጓዳ።

አሁን ይሄን ጻፍ፣ ይሄን በደማቁ፦
የሰፈራችን ቅሬ መዝግቦታል፤ ይወቁ።
መዝገቡ ላይ አለ፣ ቁጥር ሰማንያ አራት፣
ዶማ ይዞ ይወጣል ለሞተ ጎረቤት።
ክርስቲያኑም ሲሞት፣ እስላሙም ሲቀበር፣
የቃሬዛው አንድ ጫፍ በሱ ትከሻ ነበር።
እናም በትሕትና ጌቶቹን ጠይቅ፦
ቢሞት የሚቀብረው መሬት ስሙን ሲያውቅ፣
ቢኖር የሚያኖረው ወረቀት የት ይደበቅ?

"ቋንቋ ይችላል ወይ?" ብለው ጠይቀዋል።
መጀመሪያ የለመዳት "አብሽር" ናት፤ ይበቃል?
ልጅ ሌሊት ስታስል "አብሽር" ይላታል፣
መብራት ጠፍቶ ሥራው ሲቆም፣ ለራሱም ይለዋል።
ሲቃዥ ብቻ ነው በእናቱ ቋንቋ የሚጣራ።
ማንን እንደሚጠራ አልጠየቅኩትም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሁለት በር አለ አሉኝ።
አንዱ መኖሪያ ነው፣ ጊዜው ሲያልቅ የሚታደስ፤
ሌላው ዜግነት ነው። እሱ ግን ዋጋ አለው፦
የነበረውን ሀገር በፊርማው ሊጥለው።

ትናንት ማታ ነገርኩት።
ዝም አለ። መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ።
የጠረገውን መፍቻ መልሶ ጠረገ።
"መንደሬን ወንዝ በላው" አለ፣ "ሉባባ፤
እናቴ ያጠበችኝ ደጅ ዛሬ ዓሣ ይዋኝበታል።"
ከዚያ ፓስፖርቱን አምጥቶ ጣቱን አሳረፈ፦
"የትውልድ ቦታ" ከሚል ቃል ጎን አንዲት መስመር ብቻ፣
ውሃ ያልደረሰባት የመንደሩ ዳርቻ።

እኔ ቦርከና ሲሞላ አይቼ አውቃለሁ፤
በግ ሲወስድ እንጂ ስም ሲወስድ አላየሁም።

ታዲያ ጋሽ ጦይብ፣ ቅድም ያልኩህን ሰርዝ።
አትፋቀው፤ በአንድ መስመር ብቻ፤ ከሥር ይነበብ።
ከላዩ "መኖሪያ" በል።
ሌላው፣ እሱ ራሱ ሲደርስ፣ በራሱ እጅ ይጻፈው።
ለኔ ሀገሩን አይደለም፣ እሱን ይፍቀዱልኝ።

አመልካች፦ ሉባባ ይመር። እዚህ ጋ ነው ፊርማው?

ሦስት ጉርድ ፎቶ አያይዣለሁ።
በሁለቱ እንደ ደንቡ ነው፣ አፉ ግጥም።
በሦስተኛው ፎቶ አንሺው "አትሳቅ" ሲለው
"አብሽር" አለው፤ አለና ሳቀ።
ሌላ ማሳጠቢያ አልነበረኝም። ከነሳቁ ይሂድ።