ኤርሜሊንዳ ያልሞላችው

ከቺሎዌ ደሴት፣ ከኬዮን ወደብ ዳር፣
ጎረቤትም ዝናብ፣ ዝናብ ነው አጥር፤
ኮምፕረሰሩ ሲያጓራ፣ ቆርቆሮው ሲያረግድ፣
ኤርሜሊንዳ ዝም፤ ዓይኗ ከጌጁ ላይ አይወርድ።

"አየር ምን ይመዝናል?" አልኳት ሥራ ስጀምር።
ሚዛን ላይ አወጣች ባዶ ሲሊንደር፣
ቀጥሎም ሞላችው፣ መልሳ ሰቀለች፤
ሦስት ኪሎ ለመሙላት ጥቂት ግራም ቀረች።
"ነፋስ ብለህ አትናቅ፤ በብረት የታሰረ
ነፋስም ቂም ይቋጥራል፣ ሰንብቶ ካደረ።"

ቫልቩን ስትከፍተው ከጎን ነው ቁመቷ፣
ወደ አፉ አይዞርም በጭራሽ ፊቷ።
"ቀስ" ትላለች ደግሞ፤ "ቀስ። ከቸኮልክበት
ብረቱ ይግልና ጌጁ ይዋሻል፣ በሙቀት፤
ማታ ሲበርድ ነው ጉድለቱ የሚታይ፣
ያውም ላንተ አይደለም፤
ለሰውየው፣ ከባሕር ሥር፣ ድንጋይ ላይ።"
አንገቱን በሳሙና ቀብታ ትጠብቃለች፤
አረፋ ካበጠ፣ "ይኸው፣ ነገረኛ" ትላለች።

አንድ ማለዳ መጣ ኦሬስቴስ ጠላቂው፣
ትከሻው ላይ አንድ ቢጫ፣ ትናንት የቀባው።
የባሕር ጃርት ወቅት፣ ማዕበሉ የተኛ፣
ገዢው ከፖርቶ ሞንት፣ ችኩልና ቀማኛ።
"ቶሎ በይ።"
          አልቸኮለችም።
ጥፍሯን አሳለፈች በትከሻው ዙሪያ፣
ቢጫው ሲላጥ ወጣ የፍተሻው መለያ፤
ያ ቀን ሲታተም የኦሬስቴስ ልጅ
ጡት ይጠባ ነበር። ዛሬ ያው፣ እደጅ፣
ጢሙን እያሻሸ ጀልባ ይጠብቃል።

በመፍቻ ነካችው። ደህና ብረት ሲመታ
ድምፁን ይስበዋል እንደ ደወል፣ ለአፍታ፤
ይሄ "ዱክ" ብሎ ቀረ።
የቀረችውን ትንፋሽ ቀስ አርጋ አስወጣች፣
ቫልቩን ፈታችና ደፍታ ገለበጠች፤
ቡናማ ውሃ ወጣ፤ ከውሃው ጋር ቅርፊት፣
የዝገት፣ አንድ ጭብጥ፣ ተዘረገፈ ከእግሯ ፊት።

"አልሞላም።"

"የምጠልቅ እኔ!" ጮኸ፣ "የምሞት እኔ ነኝ!
የጀልባ ዕዳ አለብኝ! ዋጋሽን ተቀበይ፣ ሙዪና ስጪኝ!"

ቀና ብላ አየች ጣሪያውን። ከዛገው ቆርቆሮ መሃል
አምስቱ አዲስ ናቸው፤ ብርሃን ይመታቸዋል።
የወንድሟን ስም አልጠራችም።
ያን ጊዜ የሞተው ጠላቂ አልነበረም።

መሰርሰሪያ አነሳች፤ እሱ ሳይጨርስ ንግግሩን
ደረቱ መሃል በሳችው ሲሊንደሩን።
"ንብረቴን!" አለ። ድምፁ ተሰበረ።
የራሷን፣ ሙሉውን፣ ሰጠችው፤ ይዞ በረረ፣
ምስጋና የለ፣ ምን የለ። ሁለት ወር አኩርፎ ቆየ፣
መንገድ ላይ ሲያገኛት ባሕር ባሕሩን እያየ።

ግርጌውን ቆርጠን ሰቀልነው ከጀልባ ማረፊያው ጫፍ፣
ጉም ሲወርድ እንድንመታው፣ ማንም ስቶ እንዳያልፍ።
ደወል ይባል እንጂ አያምርም፤ ሳል ነው።
ቄሱ ሳይቀሩ ስቀዋል። "ዱክ"፣ ይኸው ነው።

ትናንት ግን ኦሬስቴስ ከጉሙ ወጣ፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ፣
ገመዱን አሰረ፣ ወደ ደወሉ ቀረበ፣
በመዳፉ መታ አደረገው፤ ለኔ ሳይል፣ ለሷም ሳይል፣
"ይሄ ክፉ ድምፅ የኔ ነው" አለ፤ "ከሩቅ ይለያል።"