ማረፍ

ሐዴራ፤ ማክሰኞ፤ ከሰዓት በኋላ።
ሣጥን ላይ ቆሜያለሁ፣ በግራ እግሬ ብቻ፣ ቀኙ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ።
ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ብርሃን የሚመልሱ ኳሶች ኖጋ ለጠፈችብኝ፤
ከዳሌ እስከ አውራ ጣት በጨሌ እንዳጌጠች ሙሽራ አደረገችኝ።
ስምንት ካሜራዎች ከየጥጉ አፍጥጠዋል፤
የእናቴ «ከዐይን ያውጣሽ» ለስንቱ ዐይን ይበቃል?

መዝለልስ አውቃለሁ። ከመረቡ በላይ ስንት ዓመት ኖሬ፣
ከፍ ብሎ መምታት ነው እንጀራዬ፣ ክብሬ።
ኖጋ ግን «ዝለዪ» አትልም።
«ውረጂ» ትላለች፤ ከመውረድ በቀር የምትለካው የላትም።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከፑሪም በፊት ባለው ሳምንት፣
ኳሷን ተከትዬ ወጣሁ፤ ያረፍሁት አንዲት የአፉላ ልጅ ጫማ ላይ ነው፣ በድንገት።
ቀጭ። እንደ ደረቅ ጭራሮ።
ቁርጭምጭሚቴ ሎሚ አከለ፤ ከሎሚም ብርቱካን፤ ጫማዬ ወጣ በመቀስ ተተርትሮ።

አያ ዘለቀ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወጌሻ፣ ዳሰሰና አሸና፣
«አጥንቱ ደህና ነው» አለ፤ ትንሽ ዝም አለና፦
«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤
የእግር ይታሻል። የአንቺ ግን ቂም ይዟል።»

እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ ከዳኝ፦
በውድድር ሁለቴ፤ ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ ደጋግሞ ጣለኝ፤
አንዴ በወንድሜ ሠርግ፣ በእስክስታው መሐል (እስክስታ የትከሻ አልነበር?)፤
አንዴ ደግሞ፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ ለአይስክሬም ተሰልፌ ነበር።

በመስኮቱ በኩል የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ይታዩኛል፤
ባሕሩ ዳር፣ ቀጥ ብለው፣ አንዴም ወለም ሳይላቸው ቆመዋል።
«ውረጂ።»
ወረድሁ። ከእግሬ ሥር ያለው ብረት ክብደቴን ጻፈ፤
ትከሻዬ ተወዛወዘ፣ እጄ አየር ቀዘፈ፤
ቆምሁ።

ስክሪኑ ላይ ሥጋ የለኝም፣ ፊትም የለኝ፤
ነጥብና ክር ብቻ፤ ነፋስ የያዘው ሰንበሌጥ ነኝ።
ኖጋ ምስሉን አዘገየችው፤ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ደግማ ለቀቀችው።
«እዪው» አለች። «ገና አየር ላይ ነሽ። መሬቱን አልነካሽው።
እግርሽ ግን ይኸው፣ ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤
ጉልበትሽ ሳይጠራ ታጥፏል፤
የቁርጭምጭሚትሽን ፈረቃ ዳሌሽ ገብቶበታል፤
በውጪ በኩል ያለው ጡንቻ ሲነቃ፣ ሁሉ ነገር አልፏል።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤
የእኔ እግር ልጥ እንኳ በሌለበት በርግጓል።
ያልወደቅሁትን ውድቀት
ወድቄው ኖሯል፣ ሳልደርስበት።

በዚህ አገር ቋንቋ መምጣት ራሱ መውጣት ነው፤ «ዓሊያ» ይሉታል።
አባቴ ወጣ፤ እናቴ ወጣች፤ ሲወጡ ተዘፍኖላቸዋል።
ስለ መውረድ ማንም አልነገረን።
በእኛ አፍ ደግሞ አንዱ ቃል ስንቱን ተሸከመልን፦
አሞራው አረፈ። አውሮፕላኑ ሎድ አረፈ።
አባቴ ከሌሊት ጥበቃ ሲመለስ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሶፋው ላይ አረፍ ይል ነበር፤
ከዚያ አንድ ቀን፣ እንደዚያው ከነጫማው፣ አረፈ።

ሐዴራ ድሮ ረግረግ ነበረች ይላሉ፤
ውሃዋን መጥጠው መሬቷን ያጸኑት ባሕር ዛፎች ዛሬም አሉ።
የእኔን ረግረግ ማን ይጠጣው?
ኖጋ ያዘዘችልኝ ክኒን አይደለም፤ ትራስ ነው።
በአንድ እግር፣ ትራስ ላይ፣ ጥርሴን እየቦረሽሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣
ጠዋትና ማታ ስንገዳገድ፣ የመታጠቢያውን ጠርዝ ለምኜ፣
እናቴ በበሩ አየችኝ፦ «ምነው ልጄ፣ ሽመላ ሆንሽ?»
«ሽመላስ መውረድ ያውቃል» አልኋት።
«ታዲያ አንቺ ምን አነሰሽ?»

ሦስት ወር አለፈ።
ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ቆመ፤
የወረድሁት ስለ ምሳ እያሰብሁ ነው።
መንገዱን ከተሻገርሁ በኋላ ትዝ ቢለኝ፣
ደረጃውን ላየው ዞርሁ።
አውቶቡሱ የለም።