የጽሑፎቹ ዝርዝር፣ ከመዝገብ ቤት ሲነበብ

ለማዕረጉ ይላክ ተባለና ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ፤
አራት ገጽ ነው፣ ጥጉ በላብ እጅ የታጠፈ።
ሠላሳ አንድ ርዕስ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ የዶክተር ረምዚ ስም፤
የእኔ ሥራ ቆጥሮ ማኅተም ማሳረፍ ነው፤ ማንበብ አይደለም።

ድሬ ቀትር ላይ ናት፤ ማራገቢያው ሞቶ፣
የደቻቱ አሸዋ በመስኮት ሾልኮ ገብቶ
በካርዶቹ ጀርባ እንደ ዱቄት ተኝቶ።
ጣቴን በምላሴ አርሼ ገጹን እገልጣለሁ፤
ሌላው ርዕስ ያነባል፣ እኔ መደርደሪያ አነባለሁ።

«አንድ፦ የጭን አጥንት ስብራት፣ የአርባ ሦስት ሕሙማን ክትትል»
ይላል።
አርባ ሦስቱንም ያወረድኳቸው እኔ ነኝ፣ አንድ እግሩ በተሰበረ መሰላል።
ቁጥር ሰባት የሳቢያን ባጃጅ ነጂ፤ ቁጥር ሃያ ከፎቅ የወደቀ ቀለም ቀቢ፤
ቁጥር ሠላሳ የከፊራዋ ሳህራ፣ እግሯ ተሰብሮ የዱቤ ሒሳብ አሳቢ።
«ክትትል አቋርጠዋል» የተባሉት አምስቱ፣
አንዱ ጅቡቲ ተሻገረ፤ አንዷ ወለደች፤ ሦስቱ
ወጌሻ ቤት ገቡ። አንደኛውን ለገሃር ሲሮጥ አየሁት፤ ማን ይንገርለት ለጥናቱ!

እስከ ዐሥራ አራት ድረስ አጥንት ነው፤ ቅልጥም፣ ዳሌ፣ ክርን፣
ብረትና ብሎን፣ ጄሶው በስንት ቀን፣
ቁስሉ ስንቱ አመረቀዘ፣ ስንቱ ዳነ፣ በመቶኛ ሲመዘን።
ከዐሥራ አምስት ወዲህ ልብ ብቻ፤
የበሩ መጥበብ፣ የበሩ ማፍሰስ፣ የስፌቱ መቋጫ።
ፈታኞቹ ይጠይቁት ይሆናል፦ «አንተ የአጥንት ሰው፣
ልብ ቤት ምን ወሰደህ?» ብለው።
ዝርዝሩ አይመልስም። በዐሥራ አራትና በዐሥራ አምስት መካከል
ያለው ክፍተት በወረቀት አንድ ጣት ነው፤ በዘመን ስድስት ዓመት ያህላል።

እዚያ ክፍተት ውስጥ ኢፍቱ አለች።
ከጀልዴሳ፣ ጉልበቷ አብጦ፣ በአባቷ ጀርባ የመጣች፣
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ «ከጋሪ ዘላ ነው» ሲሉ ዝም ያለች።
እሱም ጉልበቷን አየ፤ ራጅ አስነሣ፤ በፋሻ አሰረ፤
«አጥንቷ ደኅና ነው» ብሎ በሰማያዊ ቀለም አሰፈረ።
እብጠቱ ጎደለ። ክርኗ ላይ ወጣ፤ እሱም ጎደለ። ሁሉም ተደሰተ።
ማን አወቀ፣ እንግዳው በጉሮሮ ገብቶ፣ በጉልበት አድሮ፣ ልቧ ላይ ቤት እንደ መሠረተ?
በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ተመለሰች፤ ሦስት እርምጃ፣ ዕረፍት፤ ሦስት እርምጃ፣ ዕረፍት፤
በአራተኛው ሌሊት ካርዷ ወደ እኔ ወረደ፣ ጥጉ ላይ በቀይ ተሰምሮበት።

ማታ መጣ። ወንበር አልፈለገም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤
የራሱን ጽሕፈት አነበበ፤ ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ።
መብራት ጠፋ። በጨለማው «ደረቷን አላዳመጥኩም» ሲል ሰማሁት፤
እኔን አይደለም፣ ካርዱን ነበር፤ እኔም እንዳልሰማ ተውኩት።

ዐሥራ አምስተኛው ጽሑፍ፦ «ጉልበት አሞን ያሉ ሁለት መቶ ዐሥር ሕፃናት፤
ልባቸው ያልተደመጠ ስንት?»
ስም የለበትም፤ ደንቡ ነው። ኢፍቱ ከሁለት መቶ ዐሥሩ አንዲት ናት።
ሃያ ሁለተኛው ላይ፣ በግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል፣ «ለመዝገብ ቤቱ ለአቶ አስናቀ ምስጋና» ይላል፤
እኔ አስናቀች ነኝ፤ «ች»ን አይጥ በልቷት ይሆናል።

ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ሞላ። ማኅተሙን ላነሣ ስል
በመስኮቱ አንዲት እናት «ካርድ» አለች፤ ያዘለችው ልጅ የጉልበቱ እብጠት የኤረር ብርቱካን የሚያክል።
«ምኑን ነው?»
«ጉልበቱን ነው።»
አዲስ ካርድ ሳብኩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ጻፍኩ፤
ከዚያ፣ የእኔ ሥራ ያልሆነውን፣ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ደፈርኩ፦
ደረቱም ይደመጥ።